አፍ ስስል የኖርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ የሚወጣው ሽበት ያበቀለ ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ይህን ጽሑፍ ባያነበው ይሻለዋል። እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ጡረታ ግን ወጥቻለሁ። አበል የለኝም። ሽኝት አልተደረገልኝም፣ ካባም አላለበሱኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ደረጃውን ወረድኩ፤ በቃ። አሁን ላንቴ በምትባል የገጠር መንደር፣ አክስቴ ዘንድ፣ ሙዝ አስጭናለሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ድሮ ምን እሠራ እንደነበር ሲጠይቁኝ አፍ እስል ነበር እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። የማንን አፍ? ይላሉ። የአባ ኮዳ፣ የከርከሮ፣ የጃርትና የአምባዛ ስላቸው ሳቁን ትተው ትክ ብለው ያዩኛል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሙዙ ይመለሳል።

ስለዚያ ሥራ የምጽፈው ነገሩ ገብቶኝ አይደለም። የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በከተማችን የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ እቤት ተቀምጬ የእናቴን ፊት ከማይ ብዬ ገባሁ። መታወቂያ ኮፒ ማድረግ፣ ማመልከቻ መተየብ፣ የተመረቁ ልጆች የትምህርት ማስረጃቸውን ሲያባዙ መመልከት። ከተማው በተመራቂ የተሞላ ስለሆነ ማሽኑ አያርፍም። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል አልችልበትም፤ በዚያ ላይ ያየሁትን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ባለቤቱ አንቺ ደንበኛ ታባርሪያለሽ እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ኤርሚያስን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ኮምፒውተር ተምሮ፣ ሥራ ሲያጣ እዚሁ የቀረ ረጅም ልጅ ነው። የሥዕል ወረቀቶች ስካን እንዳደርግለት አመጣ። ሁሉም ላይ አንድ ከርከሮ አለ፤ ከወረቀት ወረቀት አፉን ትንሽ ትንሽ ይከፍታል።

"ይሄ ከርከሮ እያወራ ነው ወይስ ጥርሱን አሞት ነው?" አልኩት።

"እያወራ ነው።"

"አይመስልም።"

"አንቺ ታሻሽዪዋለሽ?"

"እኔ አልችልም። መጥፎ መሆኑን ግን አያለሁ።"

ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ተቀየመ ብዬ ነበር። በማግስቱ ተመልሶ፣ የጠፋብን የሚያይ ሰው ነው፣ ነይና እይልን አለኝ። ደመወዙ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ያነሰ ነበር። ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስካሁን አላውቅም።

ኤርሚያስ የካርቱን ስቱዲዮዬ ይለዋል እንጂ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ ኮምፒውተሮቹና የሥዕል ጠረጴዛዎቹ አሉ። ሁለተኛው ድምፅ መቅጃ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ተቸንክሮበታል። ከታች መካኒኮቹ ብረት መቀጥቀጥ ሲጀምሩ ቀረጻ እናቆማለን፤ እነሱ ምሳ ሲወጡ እኛ እንሮጣለን። ስለ እጅ መታጠብ የምታስተምር ዝንብ ሠርተናል። የሚጨፍር ሳሙና ሠርተናል። ሙሽሮች በባጃጅ ሰማይ ላይ የሚበሩበት የሠርግ ጥሪ ሠርተን፣ የሙሽራዋ አባት ልጄን ለምን በመኪና አላደረጋችኋትም ብሎ ሊደበድበን መጥቷል። እነዚህ ኪራዩን ይችሉ ነበር። ሁላችንንም እዚያ ያኖረን ግን የጋሽ አንጁሎ ፊልም ነው።

ጋሽ አንጁሎ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበሩ። ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ ሲቀላ የሚመላለስ ሰው ሳያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ የሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለው አዞ፣ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ያለው ራስ፣ የአይሱዙው ጎን ላይ ያለው አንበሳ የእሳቸው እጅ ነው። ተወልደው ያደጉት ደጋ፣ ጨንቻ ነው። ባነር የሚያትመው ማሽን ከተማ ሲገባ ሥራቸው ቀረ፤ ያኔ ኤርሚያስ ቀጠራቸው። እሳቸው ግን እሱን የቀጠሩት ይመስላቸው ነበር።

ፊልሙ ከቁጭት የመጣ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አዞ እና የሜዳ አህያ ስስል ኖርኩ ይሉ ነበር፤ አንድም ባለ ሆቴል አባ ኮዳ ሳልልኝ ብሎኝ አያውቅም። ቱሪስት ጀልባ ተከራይቶ የሚሄደው አዞ ሊያይ ነው። አሣ በሚወጣበት ዳር ላይ ራሱ የተመለጠ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ የአሣ ሆድ ዕቃ የሚጠብቅ ወፍ ቆሟል፤ ካሜራውን ወደ እሱ የሚያዞር የለም። እንግዲህ ያ አባ ኮዳ ዘፋኝ ልሁን ይላል። ጭፈራ የሚወድ ከርከሮ፣ እሾኋን እንደ ክራር የምትመታ ጃርት፣ ጢሙን የሚያሳምር አምባዛ አሣ ያገኛል። ከአባያ ሐይቅ ዳር ተነስተው ደጋ ላይ ወደሚደረግ የዘፈን ውድድር ይወጣሉ። ዳኛው አዞው ነው፤ በሚኒባስ ተጭኖ ይወጣል፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲጠይቀው ይጣላል። መንገድ ላይ አራቱም እኔ ነኝ ኮከቡ እያሉ ይለያያሉ። መጨረሻ ላይ አብረው ይዘፍናሉ። ያ መጨረሻ ነው የኔን ነገር ያበላሸው። ወይም ያቃናው። እኔ እንጃ።

ጋሽ አንጁሎ እርሳስ ከማስያዛቸው በፊት እንቅስቃሴውን በገላ ያሠሩሃል። አባያ ዳር ወስደውኝ አንድ ሙሉ ጠዋት ምንም ሳንሥል ተቀመጥን። ዝም ብለሽ እይ፤ እግሩን ሲያነሳ ክብደቱ የት ነው የሚሄደው? ይሉኛል። ከዚያ ተነሺና እንደ እሱ ሂጂ አሉኝ። አሣ አጥማጆቹ ፊት እጄን ኋላ አድርጌ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ እንደ አባ ኮዳ ተራመድኩ። መረብ የሚጠግን አንድ ሰው ሥራውን አቁሞ አየኝ።

"ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ይሄን ነው?"

"እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም።"

"ታዲያ ማን አበላሸሽ?"

ጋሽ አንጁሎ አልሳቁም። ጉልበትሽን ቀደምሽ፣ እሱ የሚቀድመው ደረቱን ነው አሉኝ። ደግሜ ሄድኩ። ያን ቀን ለብለብ የተደረገ አሣ ዳታ ከሚባለው በርበሬ ጋር ገዝተው አበሉኝና፣ እየበላሁ እንኳ እዚያ ማዶ አሞራውን እንዳይ አደረጉኝ። የሰው ሥዕል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የራሳቸውን ግን በቆሻሻ እጅ ይይዛሉ። መጥፎ ሥዕል ሲያዩ መጥፎ ነው አይሉም። ክብደቱ የት አለ? ይላሉ፤ ይሄን ሲሉህ ወረቀቱን ራስህ ትቀደዋለህ።

የእኔ ሥራ አፍ ሆነ። ሌሎቹ ገላውን ይሥላሉ፣ እኔ ከድምፁ ጋር የሚሄደውን አፍ እሥላለሁ። ኤርሚያስ ከኢንተርኔት ያወረደው የአፍ ሰንጠረዥ ነበረ፤ ለ"ማ" የተዘጋ፣ ለ"ኦ" የሾለ፣ ለ"ፋ" ጥርስ ከንፈር ላይ። "ጠ"ን፣ "ቀ"ን፣ "ጨ"ን አያውቃቸውም። የእኛ ገጸ ባሕርያት ግን "ቆይ ጠብቂኝ" ማለት አለባቸው። በሰንጠረዡ ሠርተን ስናየው ከርከሮው ድዳ መሰለ። ጋሽ አንጁሎ ስስ ወረቀት ከንፈሬ ፊት ይዘው "ተ" በይ አሉኝ፤ ወረቀቱ ተርገበገበ። "ጠ" በይ አሉኝ፤ ትንፋሹ መጀመሪያ ታገደ፣ ወረቀቱ ብልጭ ብሎ ዝም አለ። በቃ፣ ከ"ጠ" በፊት አንድ ሥዕል ዝም ይበል አሉ። አንድ ሥዕል ዝም አስባልኩት፤ ከርከሮው አፉን ፈታ። ኤርሚያስ ወንበሩን ገፍቶ ተነስቶ ጨፈረ።

አባ ኮዳ ደግሞ ከንፈር የለውም። ከንፈር የሌለው "ማማ" እንዴት ይላል? በዚህ ጥያቄ ሳምንት በላሁ። መጨረሻ ላይ አንገቱ ላይ ያለውን ከረጢት ትንሽ እንዲነፋ አደረግኩት፤ "ም" ሲመጣ ከረጢቱ ይነፋል፣ ሲያልፍ ይተነፍሳል። አምባዛውን በጢሙ አናገርኩት። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊት ነው ብሎ ያስባል፤ እኔ ግን አሁንም ሰው ሲያወራኝ አገጩን ነው የማየው። አንዳንዱ ሾፌር ይህን በሌላ ይተረጉመዋል።

ወደ መጨረሻው ዘፈን ልምጣ። ጨንቻ፣ ደጋ ላይ ሰዎች ሲዘፍኑ የሰማ ያውቃል። አንዱ ይጀምራል። ሌላው እሱን አይከተለውም፣ የራሱን ዜማ በላዩ ይጥልበታል። ሦስተኛው ከሥር እንደ ንብ ያጉረመርማል። አራተኛው ሁሉም ትንፋሽ የሚወስዱባትን ቀዳዳ ጠብቆ ይገባባታል። ለብቻ ለብቻ ሲሰሙት የተቆረጠ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ቤቱ የሚነሳ ይመስልሃል። ጋሽ አንጁሎ የመጨረሻው ዘፈን እንዲህ ካልሆነ ፊልሙ ይቅር አሉ። ቃሉን ራሳቸው ጻፉ፤ ዜማውን ሊሰጡ የሚችሉ አራት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሁሉም ሸማኔዎች ናቸው፤ አራት አውሬ፣ አራት ሽማግሌ።

ከነሱ መሀል የአምባዛውን ከባድ ድምፅ የያዙት አባባ ኦይቻ ነበሩ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልዘፈንኩም አሉ። ጋሽ አንጁሎ የሚዘፍነው አምባዛው እንደሆነ አስረዷቸው። ትንሽ አሰቡና፣ አምባዛ ከሆነ ግድ የለም፣ አምባዛ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም አሉ።

እስከዚያ ድረስ የፊልሙን ድምፅ በሙሉ የቀዳነው ሰው በሰው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይገባል፣ የራሱን ይናገራል፣ ይወጣል፤ ምክንያቱም የአንዱ አፍ የሚሣለው የእሱ ድምፅ ተለይቶ ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹንም አንድ በአንድ ማስገባት ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ነበር፤ ጋሽ አንጁሎም ጭምር። ችግሩ ለማንም አልታየም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ዘፈን የሚያውቁት ጋሽ አንጁሎ እንኳ በፍራሹ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን አላሰቡትም።

አባባ ኦይቻ ገቡ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩላቸው፤ ከሳቸው በፊት የተቀዱት የዘፈኑ መሪ ድምፅ በጆሯቸው ይሰማል። እሳቸው ግን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። አባባ ኦይቻ ሲናገሩ ሴትም ወንድም "አንተ" ነው፤ ቤታቸው የሚናገሩት ጋሞኛ ስለሆነ አማርኛው እንዲህ አይጨንቃቸውም።

"አንተ ልጅ፣ ሰውዬው የት አለ?"

"ጆሮዎ ውስጥ ናቸው አባባ።"

"ጆሮዬ ውስጥ ያለው ድምፁ ነው። ሰውዬው የት አለ?"

"ውጭ ቁጭ ብለዋል።"

"ታዲያ ለምን አይገባም? ተጣልተናል እንዴ?"

እንደምንም አስረዳኋቸው። ሞከሩ፤ መሪው ትንፋሽ የሚወስድበት ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ቀና ብለው ፍራሹን ያያሉ። ደረቱን ሳላየው እንዴት እገባለሁ ይላሉ። ኤርሚያስ በጆሯቸው ጠብ ጠብ የሚል ምት ለቀቀላቸው፤ በምቱ እየገቡ፣ በምቱ እየወጡ ጨረሱ። አራቱም እንዲህ ጨረሱ። ስንገጣጥመው ልክ ነበር። ምንም የሚነቀስ የለውም። ግን በአንድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው በየስልካቸው የሚያወሩ አራት ሰዎች ይመስላል። ለኤርሚያስ ይሄ የሞተ ነው አልኩት። ልክ ነው እኮ አለኝ። ልክ አይደለም አላልኩም፣ የሞተ ነው ያልኩት። ጋሽ አንጁሎ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። ሌላ ገንዘብ ስላልነበረን በዚያው ተቀጠለ። በጋውን በሙሉ በዚያ ሬሳ ላይ አፍ ስሥል ከረምኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሴቻ አንድ አዳራሽ ለምነን ለሰፈሩ ልጆች ለሙከራ አሳየን። ከአዲስ አበባ ለቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም የሚገዙ አንዲት ሴትዮ መጡ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በእሳቸው ላይ ነበር፤ ከገዙ ስቱዲዮው ይቀጥላል፣ ሌላ ፊልም ይሠራል፣ ካልገዙ ሁላችንም ደረጃውን እንወርዳለን። ልጆቹ ይስቃሉ ባልነው ቦታ ዝም አሉ፤ አባ ኮዳ ብቻውን ሆኖ በሚያዝንበት ቦታ ግን በሳቅ ፈረሱ። ኤርሚያስ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። የሚያስቅ ፊልም ይሁን የሚያሳዝን፣ የትኛውን እንደሠራን አላወቅንም።

ከዚያ የመጨረሻው ዘፈን መጣ። ልጆቹ መንጫጫት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ተነሳ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አራቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ዝም ብለው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ቀጥሎ አባባ ኦይቻ ከሥር ማጉረምረም ጀመሩ፣ የተሳሳተን ሰው እንደሚያርሙ ዓይነት። መሪው ገቡ። ሌሎቹ ሁለቱም ገቡ። ድምፅ ማጉያውን ዋጡት። ልጆቹ ተቀመጡ። እኔ ኋላ ቆሜ ሰማሁ፤ ማያው ላይ ደግሞ የሣልኳቸው አፎች ከየት የመጡ እንደሆኑ እንጃ፣ ሌላ ነገር ያኝካሉ።

ሲያልቅ ሴትዮዋ ተነስተው አጨበጨቡ። ዘፈኑ ግሩም ነው፣ እንባዬ መጣ አሉ። አፉ ብቻ አይገጥምም፤ እሱን አስተካክሉና ላኩልኝ አሉ። ከማጉያው የወጣ መስሏቸው ነበር። ኤርሚያስ ሳይገባው እሺ ብሏል።

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። ጋሽ አንጁሎ ግቢ ማንጎ ሥር አራቱን አንድ ላይ አስቀምጠን ቀዳናቸው። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ አንዱ የሌላውን ደረት እያየ። ዶሮም አለበት፣ የጎረቤት ጀነሬተርም አለበት። ሕይወት ያለው ነገር ነበር። ችግሩ፣ አሁን ማን ምን እንዳለ አይለይም። የአራት ሰው ድምፅ እንደ ገመድ ተገምዷል። የትኛውን አፍ መቼ ልክፈት? ቀናት ሙሉ አንድ ቦታ እየደጋገምኩ ስሰማ ዋልኩ፤ የጃርቷ ነው ያልኩት የከርከሮው ይሆናል። ለጋሽ አንጁሎ አልችልም አልኳቸው። በሕይወቴ ሥራ ላይ አልችልም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እጃቸውን ታጥበው መጥተው ወረቀቶቼን አገላበጡ።

"አፉን ተይው" አሉኝ። "ትንፋሹን ሳዪ።"

ሣልኩ። ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞርኳቸው፤ የሚታየው ጀርባና የደረት ጎን ብቻ ሆነ። አባ ኮዳው አየር ሲስብ ክንፉ ከገላው ትንሽ ይለቃል። የከርከሮው ጎድን ይከፈታል። የጃርቷ እሾህ እንደ ስንዴ ማሳ ያዘነብላል። የአምባዛው የመተንፈሻ ስንጥቅ ይነሳል። አንዱ አየር ሲያስወጣ ሌላው ይስባል፤ አራቱም እንደ አንድ ትልቅ ነገር ይተነፍሳሉ። ክረምቱን በሙሉ ፈጀብኝ። ስጨርስ ኤርሚያስ አየውና መካኒኮቹን ጠርቶ አሳያቸው። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ተመልካች አላየውም።

ሴትዮዋ ደወሉ። ኤርሚያስ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው። አፋቸው አይታይም፣ ልጅ ተበላሸ ነው የሚለው አሉ። በቴሌቪዥን ስንሞክረው ድምፁ ተደባልቆ አንዱ ከአንዱ አይለይም አሉ። የመጀመሪያውን፣ ጥርት ያለውን ላኩልኝና ልግዛው፤ ይሄኛው ከሆነ ግን አልችልም አሉ። እንባቸውን ስላመጣው ዘፈን ሳስታውሳቸው፣ አዎ እሱኑ ላኩልኝ አሉ። ያለቀሱበት የመጀመሪያው ይመስላቸዋል።

ኤርሚያስ አለቃ ነበር፤ ግን ዘፈኑ የእርስዎ ነው ብሎ ለጋሽ አንጁሎ ተወው። አንድ ቀን ስጡኝ ብለው ሄዱ። እኔ ያን ቀን እርግጠኛ ነበርኩ። ሰውዬው አንድ መስመር ክብደት ጎደለው ብለው የአንድ ቀን ሥራ የሚቀድዱ ናቸው። በማግስቱ መጡ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ።

"የመጀመሪያውን ላኩ።"

"የሞተውን?" አልኩ።

"የመጀመሪያውን።"

"ጋሼ፣ ፈሩ?"

እንዲህ አይባሉም። አልፈራሁም አሉኝና እርሳሳቸውን መቅረጽ ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ አልኳቸው፣ ቀረጹ። ደግሜ ጠየቅኩ፣ ቀረጹ። እኔ ምክንያት ሳይነገረኝ መኖር አልችልም። ደረጃውን የወረድኩት ያኔ ነው።

ፊልሙ ታየ። ስቱዲዮው ዳነ፤ ሦስተኛ ክፍል ተከራይተዋል፣ አዳዲስ ልጆች ቀጥረዋል፣ የእኔን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ይዞታል። የሞተው ዘፈን ደግሞ ተወደደ። ላንቴ ሙዝ የሚሸከሙ ልጆች ይዘፍኑታል። ሚኒባስ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። አንዷ ትንሽ ልጅ የአምባዛውን ድርሻ ብቻ ይዛ፣ ሌላውን ትታ፣ ከሴቻ እስከ ሲቀላ አጉረመረመችው። እናቷ ዝም በይ አለቻት። እኔ አንገቴን አውጥቼ ትዝፈን ልል ነበር፤ ምኑን ብዬ?

በቅርቡ ጋሽ አንጁሎ ለለቅሶ ላንቴ መጡ። ድንኳኑ ሥር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተሳሳምን፣ ስለ አክስቴ ጠየቁኝ፣ ሙዙ እንዴት ነው አሉኝ። እኔ መዞር አላውቅበትም፤ ለምን ላኩት? አልኳቸው።

"ሽማግሌዎቹን ጠየቅኳቸው" አሉ። "የመጀመሪያው ይሂድ ያሉት እነሱ ናቸው።"

"ተጣልተናል እንዴ ያሉት? አዳራሽ ውስጥ ያረሙት?"

"እነሱው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ትስቂባቸዋለሽ ብዬ።"

የሟቹ ወንድም መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ።

በሳምንቱ አባባ ኦይቻ ቤት ሄድኩ። የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ሸማ እየሠሩ ነበር፤ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይሄዳል። አንተ ልጅ፣ ወፈርክ አሉኝ። ሙዝ ነው አልኳቸው። ቁጭ ብዬ ቀጥ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ማንጎ ሥር የተቀዳው አይሻልም ነበር?

"እሱ ይሻላል" አሉ ሳያመነቱ። "በጣም ይሻላል።"

"ታዲያ?"

መወርወሪያውን አቆሙ።

"በዚያኛው ውስጥ እኔ የት አለሁ?"

"ሁላችሁም አላችሁ።"

"ሁላችንም ዕድሜያችንን ሙሉ አብረን አለን። ሰው ሲሰማን የደጋ ሰዎች ዘፈኑ ይላል። ኦይቻ ዘፈነ ያለኝ የለም። አሁን የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት፣ ይሄ የአባባ ድምፅ ነው ብላ ለየችኝ።" ክሩን ነካ ነካ አደረጉና፣ "እነዚያ ሦስቱም እንደዚሁ ነው ያሉት። ግን የኔ ይበልጣል" አሉ።

ክረምቱን ሙሉ የሣልኩት ትንፋሽ ትዝ አለኝ፤ ልናደድ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ልስቅም ፈለግኩ። ስልኬ ውስጥ አፍ ለመሣል ብዬ የጫንኩት የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለየብቻው ነበር፤ አላጠፋሁትም። የሳቸውን ብቻ፣ ከማንም ጋር ሳይገጣጠም የተቀዳውን፣ ፈልጌ ከፈትኩት። ስልኩን ተቀበሉኝና ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

ለብቻው ሲሆን ብዙ ነገር የለውም። ትንሽ ማጉረምረም፣ ረጅም ዝምታ፣ እንደገና ማጉረምረም። ዝምታው ሲመጣ አባባ ኦይቻ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቀስታ፣ የመሪውን ይዘፍናሉ፤ ቀጥለው የሌሎቹን ሁለት ይዘፍናሉ፤ ቦታውን ሳይለቁ። የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብለው ይሰማሉ።

አለቀ። ስልኩን የሚመልሱልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"አንዴ ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት።